የመኪናዎ የቆዳ ወንበር ቀለሙን ሲለቅ፦ በሁለት ቀን እረፍት በራስዎ እጅ ማደስ ይችላሉ

የመኪናዎን የሾፌር በር ይክፈቱና የወንበሩን የግራ ጠርዝ ይመልከቱ። ሲገቡም ሲወጡም የሚታሹበት ያ ከፍ ያለ የጎን መደገፊያ ነው። መኪናው ጥቂት ዓመታት ያገለገለ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ቀለሙ ሳስቶ ወይም ጨርሶ ለቆ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ቆዳ ብቅ ብሎ ሊያገኙት ይችላሉ። የቀረው የወንበሩ ክፍል ግን ገና ደህና ነው። የኋላው ወንበርማ ሰው የተቀመጠበትም አይመስልም።

ብዙዎቻችን ይህን ስናይ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ ሽፋን ገዝተን እናለብሰዋለን፣ ወይ “መኪናው አርጅቷል” ብለን እንተወዋለን። ሽፋኑ ጉዳቱን ይደብቀዋል እንጂ አይጠግነውም። መተዉ ደግሞ በጥቂት ቀለም ሊድን የሚችለውን ቆዳ ለስንጥቅና ለቀዳዳ አሳልፎ ይሰጠዋል።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን መኪና ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ያለ ትልቅ ሀብት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ይበልጥ ዋጋ አለው። ደስ የሚለው፣ የተፋቀ የወንበር ቀለምን መመለስ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ጥበብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ቀለም ሲቀባ ሳይሆን ከመቀባቱ በፊት ነው። ስለዚህ ቀለም ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት ወንበርዎን ይወቁት።

የለቀቀው ቆዳው ነው ወይስ ቀለሙ?

የዛሬ መኪኖች የቆዳ ወንበር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከከብት ቆዳ ነው። አገራችን በስስነቱና በጥንካሬው የምትታወቅበት የበግ ሌጦ ለጓንትና ለልብስ የሚመረጥ ሲሆን፣ ለወንበር የሚፈለገው ግን ከ1 ሚሊሜትር በላይ የሚወፍረው የከብት ቆዳ ነው።

የምናየው ቀለም በቆዳው ላይ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ ቆዳውን የሚያለሰልስና ቀለም እንዲይዝ የሚያደርግ መነሻ ይቀባዋል፤ ቀጥሎ ቀለሙን ያለብሰዋል፤ በመጨረሻ ከላብ፣ ከውኃና ከፍትጊያ የሚጠብቅ ግልጽ መከላከያ ይደርብበታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ ከሰው ፀጉር ጋር ቢቀራረብ ነው።

“ወንበሩ ተላጠ” ስንል እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ይህ ስስ ሽፋን ነው። ቆዳው ራሱ ከሥር አለ፤ ግን ራቁቱን ቀርቷል። ራቁቱን የቀረ ቆዳ ላብና ቅባት ይጠጣል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ቀለም መመለስ ማለት ለቆዳው ልብሱን መመለስ ነው። ቶሎ ከተደረገ ሥራው የቀለም ብቻ ይሆናል፤ ከዘገየ ስንጥቅ መሙላት ይመጣል፤ ከዚያም ካለፈ መርፌና መቀስ ያስፈልገዋል።

ለምን የሾፌሩ ጠርዝ ቀድሞ ይሄዳል?

ዋናው ምክንያት ፍትጊያ ነው። ወደ መኪና ስንገባ ሰውነታችንን በጠርዙ ላይ አሳርፈን እንንሸራተታለን። የጂንስ ሱሪ ስፌት፣ ቀበቶ፣ የኪስ ቁልፍ በየቀኑ ያንኑ ቦታ ይፍቃሉ። ስለዚህ የወንበር መፋቅ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን መውጣትና መግባትን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ የሚቆም ሰው ወንበር፣ በቀጥታ ሐዋሳ ደርሶ ከሚመለስ ሰው ወንበር ቀድሞ ያልቃል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። የፊት መስታወት በሁለት ብርጭቆ መካከል የፕላስቲክ ንጣፍ ስላለው አብዛኛውን ጨረር ያስቀራል፤ የብዙ መኪኖች የጎን መስታወት ግን ይህ ንጣፍ ስለሌለው ያን ያህል አይከላከልም። ወደ በር ያለው ጠርዝ በፍትጊያም በፀሐይም የሚመታው ለዚህ ነው። ከገልፍ አገሮች ያገለገለ መኪና ገዝተው ከሆነ ደግሞ ወንበሩ እርስዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ብዙ ሙቀት አሳልፏል ማለት ነው።

ሦስተኛው የእኛው ሰውነት ነው። ላብ፣ ሎሽን፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬምና የእጅ ሳኒታይዘር መከላከያ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ያለሰልሱታል። በቤተሰብ መኪና ውስጥ ደግሞ የራስ መደገፊያው ላይ የፀጉር ቅባት ወይም ቅቤ ይነካል። እንዲህ ያለው ቦታ ጥቁር ብሎ ያብረቀርቃል፤ ቅባቱ በደንብ ሳይወጣ ቀለም ቢቀባበት ቀለሙ አይዝም።

ወንበርዎ በእርግጥ ቆዳ ነው?

ይህን ጥያቄ መዝለል የብዙ ድካም መነሻ ነው። “ሙሉ ሌዘር” ተብሎ በተሸጠ መኪና ውስጥ እንኳ ቆዳው ሰውነት የሚያርፍበት ፊት ላይ ብቻ ሆኖ፣ ጎኑና ጀርባው ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል። የቶዮታ ሶፍቴክስ እና የመርሴዲስ አርቲኮ በፋብሪካ የተሠሩ ሰው ሠራሽ ቆዳዎች ናቸው። አሁን በከተማችን እየበዙ ከመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥም ብዙዎቹ ወንበራቸው ሰው ሠራሽ ነው።

ለመለየት የሚከተሉትን ይመልከቱ።

የተፋቀውን ቦታ በቅርብ ይዩት። እውነተኛ ቆዳ ሲፋቅ ከሥሩ የሚታየው ለስላሳና ጭረት ጭረት ያለው፣ የሱፍ ጫማ የሚመስል ነገር ነው። ሰው ሠራሹ ግን እንደ ልጣጭ በቁራሽ እየተነሳ ይሄድና ከሥሩ የጨርቅ ሽመና ይታያል።

የቆዳውን መስመሮች ያነጻጽሩ። በሰው ሠራሽ ላይ የመስመሩ ቅርጽ ደጋግሞ ራሱን ይመስላል። ሆኖም በፋብሪካ ማሽን ቅርጽ የታተመበት እውነተኛ ቆዳም ስላለ፣ ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ከማይታይ ቦታ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ያኑሩ። ውኃው ከላይ ኳስ ሠርቶ ከቆመ መከላከያ ሽፋን አለው ማለት ነው፤ በቤት ውስጥ ለማደስ የሚመቸው ይህ ነው። ውኃው ወዲያው ሰርጎ ቦታውን ካጠቆረው ግን ቆዳው እምብዛም ያልተሸፈነ፣ “አኒሊን” የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው በውድ መኪኖች ላይ ይገኛል፤ ሲነኩት በጣም ይለሰልሳል፣ ቀለሙም እዚህና እዚያ ይለያያል። ይህን ለባለሙያ ይተዉት።

ሰው ሠራሽ ወንበር ቀለሙ ብቻ ደብዝዞ ከሆነ ለቪኒል በተዘጋጀ ቀለም ሊታደስ ይችላል። እንደ ልጣጭ መነሳት ከጀመረ ግን ቀለም አያድነውም፤ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ልጣጭ ጋር አብሮ ይነሳል። በዚያ ጊዜ የተጎዳውን ክፍል ብቻ አስቀድዶ በአዲስ መተካት ይሻላል።

መጀመሪያ ይጠቡት፤ ምናልባት አልተፋቀም

ክሬም፣ ቡኒ ወይም ግራጫ ወንበር ካለዎት ይህን ክፍል በተለይ ያንብቡ። ቀለሙ ሄደ የተባለ ወንበር ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ወንበር ሆኖ ይገኛል። ጤነኛ የቆዳ ወንበር አያብረቀርቅም፤ ለዘብ ያለ፣ ደብዛዛ ገጽታ አለው። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከላዩ ላይ የቅባትና የአቧራ ንብርብር አለ። ከጂንስ የለቀቀ ሰማያዊ ቀለምም መቀመጫውን አመድማ ያደርገዋል።

ለቆዳ የተዘጋጀ ማጽጃ ይጠቀሙ። ካላገኙ ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ለብ ያለ ውኃ ቀጥኖ ይሠራል። ምስጢሩ በውኃው ሳይሆን በአረፋው ማጽዳት ነው። ማጽጃውን በስፖንጅ አርፈው፣ አረፋውን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ እየወሰዱ በትንሽ በትንሹ ክብ እየሠሩ ይሹት። የሰሃን ግማሽ በሚያህል ቦታ ላይ ይሥሩና ወዲያው በነጭ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ነጭ ጨርቅ የምንለው የሚወጣውን ለማየት ነው። ጨርቁ ላይ የሚታየው ግራጫና ጥቁር ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ ይቀጥሉ። የወንበሩን ቀለም ከመሰለ ግን ቀለሙ ራሱ እየወጣ ነውና እጅዎን ያቅልሉ።

ወንበሩን አያርሱት። ከቆዳው ሥር ስፖንጅ አለ፤ በብዙ መኪኖችም የማሞቂያ ሽቦና ሰው መቀመጡን የሚያውቅ መቆጣጠሪያ አለ። በላቫጆ ውኃ በቱቦ የሚለቀቅበት ወንበር ለሳምንት የሚሸተው ስፖንጁ ስላልደረቀ ነው።

ሲጨርሱ ለጥቂት ሰዓታት ያድርቁትና በቀን ብርሃን ይመልከቱት። ቀለሙ ከተመለሰ ሥራዎ አለቀ፤ የሚያስፈልግዎ መከላከያ ብቻ ነው። አሁንም የነጣ ወይም የሻከረ ቦታ ካለ፣ አሁን በእርግጥ ቀለም ያስፈልገዋል።

ቀለሙን መምረጥ

ለቆዳ የተዘጋጀና በውኃ የተሠራ ቀለም ይፈልጉ። እንደ ቆዳው ይተጣጠፋል፤ ሽታው ቀላል ነው፤ ከመድረቁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ሊጠረግ ይችላል። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ለማስመጣት ካሰቡም ይህኛው ይሻላል፤ ተቀጣጣይ የቀለም ስፕሬይ በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

የወንበሩ ትክክለኛ የቀለም ስም በመኪናው ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ለምሳሌ በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሾፌር በር ሲከፈት በሚታየው ምልክት ላይ “ሲ/ቲአር” ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ሁለት መለያዎች አሉ፤ የመጀመሪያው የውጪው ቀለም፣ ሁለተኛው የውስጡ ነው። በዚህ መለያ ማዘዝ ግምትን ይቀንሳል።

በራስዎ የሚቀላቅሉ ከሆነ የሚያመሳስሉት ከተፋቀው ቦታ ጋር ሳይሆን ፀሐይ ካላገኘውና ካጸዱት ቦታ ጋር ነው። ሆኖም መላው ወንበር ደብዝዞ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቀለም በአንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ሲቀባ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ከአጠገቡ ካለው ክፍል ጋርም ያስተያዩት። ጥቁር እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አለ፣ ወደ ቡኒ የሚያደላም አለ።

እርጥብ ቀለም ሲደርቅ ይለወጣል። ጥቂት ጠብታ ከወንበሩ ሥር ቀብተው፣ አድርቀው፣ በጥላ የቀን ብርሃን ያነጻጽሩ። በማታ አምፖል ሥር ቀለም አይምረጡ። የተስማማዎትን ቅልቅል ከሚያስፈልገው አብዝተው ያዘጋጁና የተረፈውን በደንብ በሚከደን ብልቃጥ ያስቀምጡ፤ ከዓመት በኋላ ለሚመጣ ትንሽ ጭረት ያንኑ ቀለም እንደገና ማግኘት ከባድ ነው።

ሥራው፣ ደረጃ በደረጃ

ቅዳሜ ለማጽዳትና ለማዘጋጀት፣ እሑድ ለመቀባት ይመድቡ። መኪናው እስከ ሰኞ እንደማይነዳ አስቀድመው ለቤተሰቡ ይንገሩ። ጥላ ያለበት፣ አየር የሚገባበትና አቧራ የሌለበት ቦታ ይምረጡ። በክረምት እርጥበት ቀለም ለመድረቅ ይዘገያልና በበጋ ቢያደርጉት ይመቻል።

1. ቅባቱን ያውጡ። ካጸዱና ካደረቁ በኋላ በአይሶፕሮፒል አልኮል ትንሽ የረጠበ ነጭ ጨርቅ ይዘው የሚቀባውን ቦታ ብቻ በቀስታ ይጥረጉ። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። የሚፈልጉት የቀረውን ቅባት ማንሳት እንጂ ጤነኛውን ቀለም መግፈፍ አይደለም።

2. ያለሰልሱ። የሻከረውን ቦታ ከ600 እስከ 1,000 ቁጥር ባለው ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ እጅዎን ሳይጫኑ ይሹት። ጣትዎን ሲያሳልፉ የሚይዝዎት ነገር እስኪጠፋ ብቻ ነው። ከዚያ ብናኙን ይጥረጉ።

3. ስንጥቅ ካለ ይሙሉ። ለዚህ የሚሆነው እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ የቆዳ መሙያ ነው። ለመኪና ላሜራ የሚውለው ስቱኮ ሲደርቅ ድንጋይ ስለሚሆን በመጀመሪያው መቀመጥ ይሰበራል። መሙያውን በጣም ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ያድርቁ፣ ይሹ፣ እንደገና ይድገሙ። ሦስት ስስ ንብርብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

4. ዙሪያውን ይጠብቁ። ፕላስቲኩን፣ የደኅንነት ቀበቶ መሰኪያውንና አጎራባች ክፍሎችን በወረቀት ፕላስተርና በጋዜጣ ይሸፍኑ። የወንበሩ ስፌት የተለየ ቀለም ካለው ለብቻው ይጠንቀቁለት፤ በስፌቱ አጠገብ በስፖንጅ ፈንታ ቀጭን ብሩሽ ይጠቀሙ።

5. የመጀመሪያውን ቀለም ይንኩ። ትንሽ ቀለም በስፖንጅ ወስደው ትርፉን ወረቀት ላይ ያራግፉ። ከዚያ እየጎተቱ ሳይሆን ነካ ነካ እያደረጉ ይቀቡ፤ መጎተት መስመር ይተዋል። የመጀመሪያው ንብርብር ዥጉርጉር ሆኖ ሥራው የተበላሸ ያስመስላል። አይደንግጡ፤ እንዲያ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው እንዲያምር ብሎ ያወፍረዋል። ወፍራም ቀለም የቆዳውን መስመር ይደፍናል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል።

6. ያድርቁና ይድገሙ። በየንብርብሩ መካከል በፀጉር ማድረቂያ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳያቆሙ፣ ከራቅ ብለው ያድርቁ። ከ3 እስከ 5 ስስ ንብርብር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የተፋቀውን ቦታ ብቻ ነክተው አያቁሙ፤ ቀለሙን እያሳሱ እስከሚቀጥለው ስፌት ድረስ ያዳርሱት። ዓይን ስፌት ላይ የሚታይ ለውጥን ይቅር ይላል፤ በአንድ ክፍል መሃል ያለ ለውጥን ግን ወዲያው ያየዋል።

7. መከላከያውን ይደርቡ። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ከላይ የደከሙበት ሁሉ በወራት ውስጥ ሱሪ ላይ ያልቃል። ግልጽ የቆዳ መከላከያውን በአዲስ ስፖንጅ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በስሱ ይቀቡ። የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ደብዛዛውን ይምረጡ፤ ከፋብሪካው ገጽታ ጋር የሚስማማው እሱ ነው።

8. ይጠብቁ። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማንም አይቀመጥበት። ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ቀናት ይፈልጋል። በዚያ ሳምንት በውኃም በማጽጃም አይንኩት። የልጅ ወንበር በአዲስ ቀለም ላይ ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ከቆየ ምልክት ሊተው ስለሚችል፣ ከተቻለ ለጥቂት ቀናት ወደ ሌላው የኋላ መቀመጫ ያዛውሩት። ሽታው እስኪወጣ መስኮቶቹን ከፈት አድርገው ይተዉ።

እነዚህን ወንበርዎ አጠገብ አያድርሱ

*የጫማ ቀለም።* ሁላችንም መጀመሪያ የሚመጣልን ሊስትሮ የሚጠቀምበት ቀለም ነው፤ ጫማም ወንበርም ቆዳ ነውና። ልዩነቱ፣ ጫማችን ላይ ነጭ ልብስ ለብሰን አንቀመጥም። የጫማ ቀለም በሰምና በዘይት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በሰውነት ሙቀት ይለቃል። በበዓል ቀን የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የደረሱ እናትን ያስቡ። ከዚያም በላይ ሰሙ ከቆዳው ውስጥ ስለሚቀር፣ በኋላ ትክክለኛውን ቀለም ልቀባ ቢሉ አይይዝልዎትም።

*በረኪና፣ ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን።* ቆሻሻውን ከነቀለሙ ይወስዱታል። የመስታወት ማጽጃም አሞኒያ ካለበት መከላከያውን ያዳክማል።

*የወጥ ዘይትና ቫዝሊን።* ለአንድ ቀን ያሳምራሉ፤ ከዚያ አቧራ ይሰበስባሉ። ሽፋን ያለው ቆዳ ላይ ብዙም አይሰርጉም፤ በተፋቀው በኩል የገባው ደግሞ ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል።

*የግድግዳና የላሜራ ቀለም።* አይተጣጠፉምና ይፈረፈራሉ።

ከቀለም በላይ የሆነ ጉዳይ፦ ኤርባግ

በወንበሩ ጎን ላይ፣ ወደ በሩ በኩል “ኤርባግ” የሚል ትንሽ ጽሑፍ ወይም ምልክት ካለ እዚያ ውስጥ የጎን ኤርባግ አለ። በዚያ በኩል ያለው ስፌት በአደጋ ጊዜ በቅጽበት ተቀድዶ ኤርባጉን እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ያንን ስፌት በጠንካራ ክር አያሰፉት፣ በሙጫ አይዝጉት፣ በመሙያ አይድፈኑት። በስሱ ቀለም መንካትና ስፌትን መዝጋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በገበያ ላይ የሚሸጡ፣ ወንበሩን ዙሪያውን አጥብቀው የሚይዙ ሽፋኖችም ይኸው አደጋ አለባቸው። ለጎን ኤርባግ ክፍተት ያልተተወለት ሽፋን የልጅዎን ወይም የራስዎን ጎን ሊያድን የሚገባውን ነገር ሊያዘገየው ይችላል። የተፋቀ ጠርዝን ለመደበቅ ሲባል ይህን ያህል ዋጋ መክፈል አይገባም። ባለሙያ ወንበሩን ፈትቶ የሚሠራ ከሆነም ከወንበሩ ሥር ያሉት ቢጫ መሰኪያዎች ብዙ ጊዜ የኤርባግ መስመር ስለሆኑ፣ ከመንካቱ በፊት ባትሪ እንዲፈታ ይጠይቁት።

መቼ ለባለሙያ ይስጡ?

ስፖንጁ እስኪታይ ድረስ ከተቀደደ፣ ስፌቱ ከተተረተረ፣ ስንጥቁ መላውን መቀመጫ ከሸፈነ ወይም ቆዳው ደርቆ እንደ ካርቶን ከጠነከረ የቤት ሥራ አይደለም። ቀለም የጠነከረን ቆዳ አያለሰልስም። ጥሩ የመኪና ወንበር ሠሪ የተጎዳውን ክፍል ብቻ በተመሳሳይ ቆዳ ሊተካልዎት ይችላል፤ ወንበሩን በሙሉ ማስለበስ የግድ አይደለም። ከመስማማትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚጠቀሙት ምን ዓይነት ቀለም ነው? ከላዩ መከላከያ ይደርባሉ? ከወራት በፊት የሠሩትን ወንበር ማየት እችላለሁ? አዲስ የተቀባ ወንበር ሁሉ ያምራል፤ ሥራው የሚለየው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

የመሪ ቆዳ ከተፋቀም ለባለሙያ መስጠቱ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ በላብ እጅ የሚታሽ ስለሆነ ጠንካራ መከላከያ ይፈልጋል፤ በተሳሳተ ነገር ከተቀባ ደግሞ ያንሸራትታል።

ሊገዙ ወይም ሊሸጡ ካሰቡ

ያገለገለ መኪና ሲያዩ የሾፌሩ ጠርዝ ብዙ ይነግርዎታል። ቆጣሪው 50,000 ኪሎ ሜትር እያለ ጠርዙ ካለቀ፣ የፔዳሎቹ ጎማ ከለሰለሰና የመሪው ቆዳ ካብረቀረቀ፣ ስለ ቆጣሪው መጠየቅ ተገቢ ነው። ወንበሩ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ቀደም ሲል እንዳልነው ከተማ ውስጥ ብዙ የሚወጣና የሚገባ ሰው ወንበር በጥቂት ኪሎ ሜትርም ያልቃል።

በተቃራኒው ሁሉም ነገር ያረጀበት መኪና ውስጥ ወንበሩ ብቻ አዲስ ከመሰለ ስፌቱን ይመልከቱ። ክሩ ከቆዳው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ከተቀባ፣ በፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ካለ፣ ወይም በትንሽ ውኃ የረጠበ ነጭ መሐረብ ሲያሳልፉበት ቀለም ከወጣ፣ ለሽያጭ ሲባል በችኮላ የተቀባ ነው። እርስዎ ሻጭ ከሆኑ ደግሞ ወንበሩ መታደሱን ለገዢው ይንገሩት። በደንብ የታደሰ ወንበር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንዲያውም መኪናው ተንከባካቢ እንደነበረው ያሳያል።

እንዳይመለስ

የታደሰ ቀለም ዕድሜው በእርስዎ እጅ ነው። በሳምንት አንዴ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ያንሱ፤ በመስመሮቹ መካከል የሚቀር አቧራ በተቀመጡ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በወር አንዴ በትንሽ የረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በቆዳ ማጽጃ ያጽዱት፤ የላይኛውን መከላከያም ጠርዙ ላይ በዓመት አንዴ ያድሱ። ሲያቆሙ ጥላ ይፈልጉ። ቡና፣ ጭማቂ ወይም ወተት ከፈሰሰ ሳይሹ በጨርቅ ያስመጥጡት። ሳኒታይዘር ከተጠቀሙ እጅዎ እስኪደርቅ ወንበሩን አይንኩ።

ከሁሉም የሚቀለው ልማድ ግን ምንም ወጪ የለውም። ሲገቡ መጀመሪያ በመቀመጫው መሃል ይቀመጡ፤ ከዚያ እግርዎን ያስገቡ። ሲወጡም ሁለት እግርዎን ካወጡ በኋላ ተነሥተው ይውጡ፤ በጠርዙ ላይ አይንሸራተቱ። ልጆችም ወላጆቻቸውን አይተው እንዲሁ ይለምዳሉ፤ የኋላው ወንበርም ለዓመታት እንደ ዛሬው ደህና ሆኖ ይቆያል።